የማሳያ ቤት እመቤት

ጥር 13፣ ሰኞ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ተነሣ። የነበርነው፦ የሽያጭ ሠራተኛው፣ ዘበኛውና እኔ።

እንዲህ ብሎ መጀመርን የተማርኩት ከመሐንዲሶቹ ነው። ቢሮአቸውን ሳጸዳ ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉትን ወረቀት እያነሣሁ አነብ ነበር። ሁሉም ቀኑን፣ አየሩንና የተገኙትን ሰዎች ሳይጽፍ ወደ ነገሩ አይገባም። ፊደል የቆጠርኩት በዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ አጻጻፍ ደግሞ ከቅርጫት። ስለዚህ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ዛሬ የሽያጭ ሠራተኛው መጥረጊያዬን ከእጄ ተቀበለኝ። በልቤ «አለቀልኝ፣ አባረረኝ» አልኩ። ይህን ልጅ ሁላችንም ከረባቱ ነው የምንለው፤ ያለ ከረባት ያየው ሰው የለም። ሕንፃው ገና ባዶ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻ ሶፋና መጋረጃ የገባለት አንድ ማሳያ ቤት አለ፤ ገዢ ሲመጣ እሱን ነው የሚያየው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ቤቱስ ጥሩ ነው ግን ሰው የሞተበት ይመስላል ብላ ሄደች። ከረባቱ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

«እናቴ» አለኝ፣ «ከነገ ጀምሮ የቤቱ እመቤት አንቺ ነሽ። ቀድመሽ ገዝተሽ ገብተሻል።»

ባሌ ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ዘበኛውን ጠራው። ዘበኛው በመስኮት ወደ ውጭ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ። ወለሉ ንጹሕ ነበር፤ ራሴ ነኝ የወለወልኩት።

ጥር 14፣ ማክሰኞ። ፀሐይ። የነበርነው ሦስታችን።

ትምህርት ተሰጠን። ከረባቱ ቆሞ፣ እኛ ሶፋው ላይ ተቀምጠን። ገዢ ሲመጣ ዘለን አንነሣም፤ ቤታችን ነው። ብዙ አናወራም፤ ብዙ የሚያወራ የሚሸጠው ነገር ያለው ሰው ነው። እኔ ብዙ እንደማላወራ ያውቃል፤ ያስቸገረው ፈገግታዬ ነው። ጥርስ ለማስነቀል ተራ የምጠብቅ እመስላለሁ አለ። «ጠግቦ የበላ ሰው ምሰዪ» አለኝ። ሞከርኩ። ዘበኛው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ገዢ ሊመጣ ሲል ሽንኩርት አቁላላለሁ። ሲቁላላ የሚሸት ሽንኩርት ከእምነ በረድ ይልቅ ቤት ይሸጣል ይላል። ከሽንኩርቱ ጋር የሚገባ ሌላ ነገር የለም፤ ተቁላልቶ ያልቃል። በሩ ሥር ሦስት ጥንድ ጫማ ይደረደራል፦ የዘበኛው፣ የኔ፣ አንድ የልጅ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። አራተኛ ክፍል።

ውሃው ነው ያሳሰበኝ። ወደ ፎቁ የሚገፋው ፓምፕ አልተገዛም። ከረባቱ «ይመጣል» ይላል። እስኪመጣ ድረስ ዘበኛው ጎህ ሲቀድ ከታች በጀሪካን እየተሸከመ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ በላይ የተደበቀ በርሜል ይሞላል። ገዢው ቧንቧ ሲከፍት ውሃ ይወርዳል። ደስ ብሎት ይዘጋል።

ይህ ውሸት ነው? እኔ የምለው ነገር የለም። መቀመጥ ብቻ ነው።

ጥር 16፣ ሐሙስ። ነፋስ። የነበርነው፦ ሦስታችንና አዲስ ተጋቢዎች።

በሩ ሲከፈት ዘበኛው ብድግ ብሎ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገና ተረከዙን ከተረከዙ አጋጨ። ከረባቱ ፈጠን ብሎ «ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው» አለ። ሹራብ ለብሶ ጋዜጣ የያዘ መኮንን። ከዚያ ዘበኛው ወደኔ ዞረና «እርስዎ አይነሡ፣ ለእንግዶቹ ወንበር እኔ አመጣለሁ» አለኝ። ሙሽሪት ባሏን በክርኗ ጎሰመችው። ሚስት እንዴት እንደምትከበር ተመልከት አለችው። ባልየው ከዚያ ወዲያ መስኮቱን ብቻ ነው ያየው።

ሲሄዱ ከረባቱ ዘበኛውን «አንቺ በላት» ብሎ አዘዘው። መላልሶ ሞከረ። አላበው። እኔ ምድጃው ላይ አጎነበስኩ። ሽንኩርት ዓይን ያስለቅሳል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ሰው ምን ሆንሽ አይልሽም።

ጥር 19፣ እሑድ። እቤት ነኝ። ፀሐይ።

የምኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው፤ ባሌ ሲሞት የኋላውን ክፍል ሰጠችኝ። የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሁላችንም የምንበላው ከዚያ ነው። ባሏ እሷ ያለችውን የሚል ደህና ሰው ነው። ዛሬ ልብስ ሳሰጣ ለጎረቤታችን ለፋርማሲስቱ ሚስት ስታወራ ሰማኋት። እህቴ በቤት ሽያጭ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት አለች። ጽዳት ማለቱ ከብዷት ነው። የፋርማሲስቱ ሚስት አዲስ ማቀዝቀዣ ባስገባች ሳምንት እህቴ የሆነ ነገር ማለት ነበረባት፤ ያላት እኔን ነበር።

ወጥቼ ላርማት እችል ነበር። የያዝኩትን አንሶላ ጨርሼ ሰጣሁ። ከፍ ያለ ማለቷ ደግሞ ሐሰት አይደለም፤ አምስተኛ ፎቅ ነው።

ጥር 23፣ ሐሙስ። ሙቀት። የነበርነው፦ ሦስታችን፣ አምስት ወንድማማቾች።

የመጀመሪያው ሽንት ቤት ገባ፤ ውሃ ለቀቀ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኛ ሦስታችን ፈገግ ብለን ኮርኒሱን እናዳምጣለን። አራተኛው ሲገባ ከረባቱ ስለ ጣሪያው ጥንካሬ መናገር ጀመረ፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። አምስተኛውን ዘበኛው ክንዱን ይዞ ወደ ሰገነት ወሰደውና የከተማውን ዕይታ አሳየው። ለረጅም ጊዜ አሳየው።

ሲሄዱ ዘበኛው ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። ወገቡን ያመዋል። ለማንም አይናገርም፤ እኔ ደረጃው ላይ በአካሄዱ ነው ያወቅሁት።

ጥር 28፣ ማክሰኞ። ደመናማ። የነበርነው፦ ሦስታችን፣ አንዲት መምህርት።

ልጅዎ ጎበዝ ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንደኛ ትወጣለች አልኩ። ከጋዜጣው ኋላ «ሁለተኛ» የሚል ድምፅ መጣ።

መምህርቷ ስትሄድ ምን ማለትህ ነው አልኩት። ሒሳብ ላይ ትደክማለች፣ ለምን እንዋሻለን አለ። ደብተሯን አንድ ቀን ገልጠህ አይተህ ታውቃለህ አልኩት። አንቺ ነሽ እያባበልሽ ያበላሸሻት አለኝ። እኔ ድምፄን ከፍ አደረግሁ መሰለኝ፤ ከረባቱ ከታች ሮጦ መጣ። ገዢ መኖሩን ለማየት ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። ማንም የለም። ሁለታችንንም አንድ ባንድ እያየ፣ ልጅ እንደሌለች ቀስ ብሎ አስረዳን።

እናውቃለን አልነው።

የካቲት 4፣ ሰኞ። ፀሐይ።

ገዢ የለም። የልጅቷን ጫማ ወለወልኩ። አቧራ ይዞ ነበር፤ የመንገድ አቧራ ሳይሆን፣ የመቀመጥ አቧራ።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ። ቸኩያለሁ።

ማታ ስወርድ ዘበኛው ደረጃው ላይ አገኘኝ። «አንቺ፣ ሻሽሽን ረስተሻል» አለና ሰጠኝ። ገዢ አልነበረም። ከረባቱም ሄዷል። እየተለማመደ ይሆናል።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ። ደመና እንጂ ዝናብ የለም። የነበርነው፦ ሦስታችን፣ እህቴ፣ የፋርማሲስቱ ሚስት።

እጄ አሁንም ሽንኩርት ይሸታል። ሁሉም ተኝቷል፤ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ከረባቱ «ግቡ፣ ግቡ፤ ከደስተኛ ቤተሰቦቻችን አንዱ ናቸው» እያለ ከፈተ። ከኋላው እህቴ ገባች፤ የክት ልብሷን ለብሳለች። ከሷ ኋላ የፋርማሲስቱ ሚስት። እኔ ሽርጥ አድርጌ ማማሰያ ይዣለሁ። ዘበኛው ሹራብ ለብሶ ጋዜጣ ይዟል። እህቴ ቤት ልታይ እንደምትመጣ አልነገረችኝም። ልታስደንቀኝ ፈልጋ ነው፤ ተደነቅሁ።

አየችኝ። አየኋት። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፊቴ ግን የለመደውን አደረገ፤ ጠግቦ እንደበላ ሰው ፈገግ አለ።

የፋርማሲስቱ ሚስት «እህትሽ አይደለችም እንዴ?» አለች።

እህቴ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «እሷ ናታ። ለራሷም ከዚሁ ነው የያዘችው። ለሰው እንዳታወሪ ብላኝ ነው እንጂ» አለች። ሴትዮዋ ወደ ዘበኛው ዞረች። እህቴም ዞረች። ከዚያ በሩ ሥር ያሉትን ጫማዎች ተመለከተች፤ የልጅቷ ጫማ ላይ ስትደርስ ብቻ ትንሽ ቆም አለች። «ባሏ ናቸው» አለች። «ከፊተኛዋ ሚስታቸው ልጅ አለቻቸው።»

ይቺን ሴት እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኋት። ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ዘበኛው ተነሥቶ እጅ ነሣ። መኮንን እንደነበረ ተናገረ። ይህን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ እህቴ ቧንቧ ከፈተች። ውሃው ተንፏፏ። የፋርማሲስቱ ሚስት፣ የኛ ሰፈር ቧንቧ ሳምንት ሙሉ ደርቆ እንደሚከርም አስታውሳ በረጅሙ ተነፈሰች። አንቺ ከገዛሽ እኔም ከላይሽ ያለውን እይዛለሁ አለች። እህቴ ያኔ «እኔማ የፊታችን ዓርብ ነው የምፈርመው» አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ መፈረም አስባ እንደሆነ እንጃ።

እኔ ምንም አልዋሸሁም። ይህን ስጽፍ ስንተኛዬ እንደሆነ ጠፍቶኛል።

የካቲት 10፣ እሑድ። እቤት።

ጠዋት ማድቤት ውስጥ ነገርኳት። እመቤት መምሰሌን፣ በርሜሉን፣ የዘበኛውን ጀሪካን፣ ፓምፕ አለመኖሩን፣ ሁሉን። በሕይወቴ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ሰማችኝ። ማስታወቂያ ነው፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል አለች። ውሃውን በዓይኔ አይቻለሁ አለች። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አንቺ እዚያ ሶፋ ላይ ስትቀመጪ ቤቱ ደህና ነው። እኔ ልቀመጥ ስል ነው ውሃው የሚጠፋው?»

እንዲያ አይደለም አልኳት። ታዲያ ትላንት ሰው ፊት ለምን ዝም አልሽ አለችኝ። ይህንኑ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ነው ያደርኩት።

ለቤቱ መግዣ ሱቁን ልትሸጠው ነው፤ ለአንድ ሰው ቃል ሰጥታለች። ሱቁ ከሄደ የሚያበላን የለም። ቤቱ ከተገዛ የሚያጠጣን የለም። ልትመለስ ትችላለች፤ ግን የፋርማሲስቱ ሚስት ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች፤ እህቴ ከዚህ በኋላ ከመመለስ ይልቅ ብትጠማ ትመርጣለች።

ስለኔ ጋብቻም አውርታለች። የእህቴ ባል ግቢ ውስጥ አግኝቶኝ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ለኔ አለመንገርሽ ብቻ ከፋኝ አለ።

የካቲት 11፣ ሰኞ። ነፋስ። የነበርነው ሦስታችን።

ከረባቱ እህቴ መሆኗን ሰምቶ መሬት አልበቃው አለ። ዓርብ ከፈረመች ቋሚ ሠራተኛ ያደርገኛል። ታች ቢሮ ውስጥ የራሴ ወንበር ይኖረኛል፤ የሚሽከረከር። ካልፈረመች ግን እሱንም አያስቀምጡትም፤ በዚህ ወር አንድም አልሸጠም። ይህን ሲናገር ሽንኩርቱን በዳቦ እያጠቀሰ ይበላ ነበር። ኮቱ ከውስጥ ገበሩ ተቀዷል። ልጅ ነው።

እሺ አላልኩትም። ፈገግ አልኩ። እሱ እሺ ነው ብሎ ወሰደው።

ስለ ወንበሩ አሰብኩ። አላሰብኩም ብል ይህን ወረቀት መዋሸት ነው።

የካቲት 13፣ ረቡዕ። ሙቀት። የነበርነው፦ ዘበኛውና እኔ።

ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጦ ወገቡን ይዞ አገኘሁት። አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና የእህቴን ነገር ነገርኩት። ሱቁን፣ ዓርብን፣ አለማመኗን። የጀሪካኑን ክዳን አጠበቀ።

«ነገሩ እኮ፣ ፓምፑ እኔ ነኝ» አለ። «ዓርብ ቀን ይበላሽ?»

አይሆንም አልኩት። ውሃ ካልሞላ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ከሥራው ይባረራል። የሚተኛው በሩ ላይ ባለችው የዘበኛ ቤት ነው፤ ሥራው ሲሄድ ጣሪያውም አብሮ ይሄዳል። እንደ ሌላው ቀን ሙላው አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም ያኔ አላውቀውም ነበር። ወይም አውቄዋለሁ።

የካቲት 14፣ ሐሙስ።

ነገ ረፋዱ ላይ ይመጣሉ። ከገበያ ሳሙና ገዛሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የካቲት 15፣ ዓርብ። ፀሐይ፣ ነፋስም አለ፤ ልብስ የሚደርቅበት ቀን። የነበርነው ሁላችንም።

ጠዋት ያደረግሁትን እንደ መሐንዲሶቹ በተራ እጽፋለሁ።

ሰው ሳይነቃ ደረስኩ። በርሜሉ ሞልቷል። ሽንኩርት አልቁላላሁም። መጋረጃዎቹን አወረድኩ። አንሶላውን፣ የትራስ ልብሶቹን፣ የጠረጴዛውን ልብስ ገፈፍኩ። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ዘፈዘፍኩ። አሸሁ፣ አለቀለቅሁ፣ የሳሙናው አረፋ እስኪጠፋ ደግሜ አለቀለቅሁ። ቤት ያላት ሴት እንዴት እንደምታጥብ አውቃለሁ፤ ያንን ነው ያደረግሁት። የመጨረሻው አንሶላ ላይ ቧንቧው አስነጠሰና ቀጠነ።

ዘበኛው መጣ። ገንዳውን አየ። ኮርኒሱን አየ። ከዚያ ሹራቡን አውልቆ ሰጠኝ። «አንገቱ ጋ ቆሽሿል» አለ። በቀረው ውሃ አጠብኩለት።

ረፋዱ ላይ መጡ። ከረባቱ ራቁቱን የቀረውን መስኮት አይቶ ባለበት ቆመ። እህቴ አላስተዋለችም። የደረጃው መደገፊያ አቧራ ነው፣ እጃችንን እንታጠብ ብላ የፋርማሲስቱን ሚስት ቀጥ አድርጋ ወደ ቧንቧው ወሰደቻት። ከፈተች። ነፋስ ወጣ። ሌላኛውን ከፈተች። እሱም ነፋስ ነበር።

«አልቋል» አልኩ። ሁሉም ዞሩ፤ ቀድሜ ተናግሬ ስለማላውቅ ይሆናል። «አንድ በርሜል ነው የነበረው። ልብስ አጠብኩበት። ፓምፕ የለም። ሌላ ከፈለጋችሁ እሱ ከታች ተሸክሞ ያመጣል፤ እስከዛሬም ያመጣው እሱ ነው።»

ከረባቱ «ለጊዜው ነው እንጂ…» ብሎ ጀመረ።

«አምስት ፎቅ ነው» አለ ዘበኛው። በካናቴራ ነበር፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። ከረባቱ የጀመረውን አልጨረሰውም።

እህቴን አየኋት። ፎጣ አንሥታ ያልረጠበ እጇን አደረቀችው፤ ጣቶቿን አንድ ባንድ። አድርቃ ስትጨርስ ፊቷ ተመልሶ ነበር።

«ይኸውልሽ» አለቻት ጎረቤቷን። «እህቴን ወር ሙሉ እዚህ ያስቀመጥኳት ለዚህ ነበር። ሰው ሳያስፈትሽ ቤት ይገዛል?»

የፋርማሲስቱ ሚስት አፏን በእጇ ይዛ በአድናቆት አየቻት። እኔ ይሄ አይመጣልኝም ነበር አለች። ከዚያ ዘበኛውን አየችና፣ ባልየውንስ ብላ ጠየቀች።

«እሳቸውንም» አለች እህቴ።

ሊወጡ ሲሉ ክንዴን ያዘችኝና ቆነጠጠችኝ፤ አጥብቃ፣ ልጅ ሳለን እንደምታደርገው። ጆሮዬ ሥር ተጠጋች። «ሱቁን አልሸጥም ብዬ አሁን ሄጄ ለገዢው እነግረዋለሁ» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ማታ ሰውዬውን ለእራት ይዘሽው ነይ። ሰፈሩ ሁሉ ባል አላት ብሏል፤ አሁን የለም ማለት አንችልም።»

ከረባቱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቀረ። የአንገቱን ከረባት ሳብ ሲያደርገው እንዳለ ተላቀቀ፤ በላስቲክ የሚያዝ ነው። ሽንኩርት አለ ወይ አለኝ። አላቁላላሁም፣ ግን ዳቦ ነበረኝ፤ ገምሼ ሰጠሁት። ነገ ሁላችንም ሥራ ይኑረን አይኑረን አላውቅም። እሱም አያውቅም። ዳቦውን በላ።

ዘበኛውና እኔ አንሶላውን ይዘን ወደ ሰገነቱ ወጣን። እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ። «አንቺ ወደ ግራ ጠምዝዢ» አለኝ። ጠመዘዝኩ። ውሃው ጫማችን ላይ ወረደ። መጋረጃዎቹን፣ የትራስ ልብሶቹን፣ ሹራቡን ሰጣን፤ ሰገነቱ ሞላ። በዚህ ሕንፃ ላይ ልብስ ሲሰጣ የመጀመሪያው ነው።

ከታች በመንገዱ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሰዎች እያለፉ ነበር። ቀና ብለው አዩን። ሴትዮዋ በጣቷ ወደኛ አሳየችው። ቆሙ። ሰውየው የሽያጭ ቢሮውን በር ፈልጎ አገኘና ወደዚያ መራመድ ጀመረ።

ከመደገፊያው በላይ ጎንበስ ብዬ «ውሃ የለውም» አልኳቸው። ሩቅ ነው፣ አልደረሳቸውም። ሴትዮዋ እጇን አውለበለበችልኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ ጮህኩ። ሰውየው በሩ ላይ ቆመ።

«ይበቃል፣ ሰምተውሻል» አለ ዘበኛው።

አንድ ጊዜ ደገምኩላቸው።